ነዒማ ያወጣቻቸው አሥራ አንድ ቃላት

አምቦ ውስጥ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ታይፕ ማስደረግ የፈለገ ሰው ዞሮ ዞሮ ነዒማ ሽፋ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ሱቋ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ደስ ሲላት የምትሠራ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ለደንበኛ የተቀመጠ አንድ አግዳሚ ከያዘች በኋላ ለባለቤቷ የሚተርፍ ቦታ ያላት አትመስልም። ነዒማ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣባታለች። የተማሪ ጥናት፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ካርድ፣ ማመልከቻ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በእጇ ያላለፈ የለም። የከተማውን ጉድ ሁሉ ታውቃለች ይሏታል። አታውቅም። የምትጽፈውን አታነብማ! ዓይኗ ፊደሉን ያያል፣ ጣቷ ይመታል፣ ልቧ ቤቷ ነው። «የሰውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ብጽፍ ኖሮ እስካሁን አብጄ ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

አባቷ አቶ ሽፋ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው አምቦ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በረንዳቸው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ይቀመጥ ነበር፤ ነዒማ ሥራ በጀመረችበት ቀን ሰውየውን እያሳዩ የመከሯት ምክር አንድ ብቻ ነው። ጥሩ ሰፊ ከጨርቁ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሳይቀር ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የሰው ቃልም አደራ ነው፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አሏት። እሷም አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ባለጉዳዩ ፊደል ቢገድፍ እንኳ ጠርታ ጠይቃው ነው የምታርመው፤ አንዳንዱማ «ሴትዮዋ ታደርቃለች» ብሎ ሌላ ጋ ይሄዳል።

አንድ አመል ብቻ አለባት። የሚገለበጠውን ወረቀት በግራዋ አስቀምጣ፣ ማስመሪያ ተጭናበት፣ መስመር በመስመር እያወረደች ነው የምትጽፈው። አልፎ አልፎ ታዲያ ገጹ ሳያልቅ ግራ እጇ ሳታዘው ይሄድና የወረቀቱን ጥግ ብድግ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማየት። ይህን አመሏን ያወቀችው ሥራ በጀመረች በአሥረኛው ዓመት ነው። ካወቀችም በኋላ የገረማት፣ እጇ የሚነሳው እነማን ላይ እንደሆነ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች የሚያመጡት ልብ ወለድ ደም በደም ነው፤ ጩኸቱ ዘግናኝ፣ ዝምታው አስጨናቂ፣ ገዳዩ ጨካኝ። እሷ ያን እየጻፈች ሽንኩርት መግዛት አለመግዛቷን ታስባለች። አንድ ጊዜ ግን አንድ ገበሬ ለከተማ ወንድሙ ያስጻፈው ደብዳቤ መጣላት። «ሁላችንም ደኅና ነን» ይላል፤ ቀጥሎ «ውሻው ከሰኞ ጀምሮ አልጮኸም» ይላል። ነዒማ የወረቀቱን ጥግ አነሳች፣ ጸጉሯም አብሮ ተነሳ። በኋላ ለባሏ ለአብራር ስትነግረው ውሻው ታሞ ይሆናል ብሎ ወደ እራቱ ተመለሰ።

ኦቦ ቱፋ ሰባት ገጽ በእጃቸው ጽፈው የመጡት በሚያዝያ 2017 ነው። ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው። ጌዶም፣ ጉደርም፣ አምቦም ሠርተዋል፤ የከተማው ግማሽ በልጅነቱ የእሳቸውን መርፌ አይቶ አልቅሷል። የሰው ጥፍር አይተው ደም ማነሱን የሚያውቁ፣ ዓይነ ስል ሰው። «አካም ቡልቴ፣ ነዒማ» ብለው ገብተው፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ልብ ወለድ ነው፣ ስሙ ሁሉ ተቀይሯል አሏት። መናገር አላስፈለጋቸውም ነበር። የእሳቸውን ነገር አምቦ ላይ የማያውቅ የለም።

በኅዳር 2010 ነው። ባለቤታቸው አመለሸጋ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ልጃቸው ለንሳ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ካለፈች ለወንጪዋ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ነበር። ለንሳ አለፈች። ሦስቱም ወደ ወንጪ ሄዱ፣ በፈረስ ወደ ሐይቁ ወረዱ፣ ኦሊቃ በሚባል ቀዛፊ ጀልባ ተሳፈሩ። መሃል ላይ ነፋስ ተነሳ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች። ኦሊቃ የአሥራ አራት ዓመቷን ለንሳን በክንዱ ይዞ ዋኝቶ አወጣት። ኦቦ ቱፋ መቅዘፊያውን ይዘው ተረፉ። የአመለሸጋ ጃንጥላ ከነላስቲኩ ሲንሳፈፍ ተገኘ፤ እሷ የተገኘችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አንድ ቤት ኖረዋል። ለንሳ ምግብ ትሠራለች፣ ልብሳቸውን ትተኩሳለች፣ ስለ ትምህርቷ ታወራቸዋለች። «ወንጪ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ግን ትነሳለች። ወጥ አረረብኝ ትላለች፤ ምድጃው ላይ ወጥ ባይኖርም ወጥ አረረብኝ ትላለች። ኦቦ ቱፋ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ ለባዶ ወንበር ሲያወሩ ተገኙ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእነሱ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ቤቱ ሁሉ ይሸት ነበር።

አሁን ለንሳ ነርስ ሆና ተመርቃ ካቺሲ ተመድባለች። የምትሄደው በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ነው። ኦቦ ቱፋ ጽሑፉን ሻንጣዋ ውስጥ ሊከቱላት አስበዋል። ከፊቷ ሆነው ቢነግሯት ትነሳለች፣ ወረቀት ግን ምናልባት፣ እዚያ ብቻዋን ስትሆን ምናልባት፣ አሉና ቀሪውን ዋጡት። ከሄደች በኋላ ሌላ ዕድል እንደማይኖራቸው ነዒማም እሳቸውም ያውቃሉ።

ነዒማ እንደ ልማዷ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር «በዚያ አስፈሪ ቀን፣ አውሬው ሐይቅ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ሞት ያንዣበበባቸው ሦስት ምስኪኖች ወደ ዳሩ ቀረቡ» ይል ነበር። ሰባቱም ገጽ እንደዚያው ነው፤ ነፋሱ አሰቃቂ፣ ደመናው ርኅራኄ የለሽ፣ ማዕበሉ ዘግናኝ። ጨረሰች። ጨርሳ እጇን ስታሳርፍ አንድ ነገር ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። አንድም ጊዜ የወረቀቱን ጥግ አላነሳችም። አመለሸጋን ታውቃታለች፤ የተማሪዎቿን ፈተና ይዛ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አብረው የሳቁበት ቀን ብዙ ነው። ያቺ ሴት እየሰጠመች እሷ ሽንኩርት እያሰበች ነበር። አፈረች፣ በራሷ ተናደደች። እኔ የማውቃት ካልደነገጥኩ ለንሳ በመጀመሪያው መስመር ላይ አጥፋ ታስቀምጠዋለች ብላ አሰበች።

ከዚያ በሃያ ሁለት ዓመት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ጽሑፉን ከፍታ «አስፈሪ»ን አወጣች። «አውሬው»ን አወጣች። «ዘግናኝ»ን፣ «አሰቃቂ»ን። አሥራ አንድ ሲሆኑ አቆመች። ያወጣቻቸውን በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችና መሳቢያ ውስጥ አኖረች፤ ጽሑፉን አትማ ምንም ሳትናገር ለኦቦ ቱፋ ሰጠች። እንግዲህ ሌላው ሰው የደንበኛ ወረቀት ሲያበላሽ ባለማየት ነው። እሷ የሳተችው አይታ ነው።

በማግሥቱ ኦቦ ቱፋን ከእሷ ቀድመው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«አሥራ አንድ ቃል ጎድሎኛል» አሉ።

ነዒማ መሳቢያዋን ከፍታ ብጣሿን ወረቀት ሰጠቻቸው። አነበቡት፣ አገላብጠው አዩት።

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት አንዲት ፍሬ ቀንሼ ሰጥቼ አላውቅም። አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ እንደ ነበረ እመልሰዋለሁ አለች፤ ከልቧ ነበር። አባቷ ቢሰሙ መቃብራቸው ውስጥ እንደሚገላበጡ ታውቃለች። ኮምፒውተሩን ከፍታ የመጀመሪያውን ቃል ልትመልስ ስትል ግን ጣቷ እምቢ አላት።

«ኦቦ ቱፋ፣ ያን ቀን ጠዋት ሐይቁ አስፈሪ ነበር?»

ኦቦ ቱፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ጠዋቱን ነገሯት። አስፈሪ አልነበረም። ልብስ ታጥቦ ቢሰጣ እኩለ ቀን ሳይሆን የሚደርቅበት ዓይነት ቀን ነበር። አመለሸጋ ቁልቁለቱን ስትወርድ በእሳቸው በሚንቋቋ ጉልበት እየሳቀች ነው የወረደችው፤ ፈረሱ ለአንተ ይዘንልህ ወይስ አንተ ለፈረሱ እያለች። ለንሳ ጃንጥላውን እኔ ልያዝ ብላ ከእናቷ ጋር ስትጓተት ነበር። ውሃው ዝም ያለ ነበር።

ነዒማ በጥንቃቄ፣ ለአባቷ እንደምትናገር ሆና ተናገረች። ይህ ሁሉ ቃል ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ ነው አለች። ያን ጠዋት ያልነበረ ፍርሃት ነው የተጻፈው። ከዚያ ዋናውን አለች፦

«ከመጀመሪያው አስፈሪ ነበር ካሉ፣ ለንሳ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀው። ታዲያ ጀልባ ላይ ለምን አሳፈርከን?»

ተናግራ ደነገጠች። ሰውየው ፊታቸው ላይ ውሃ የተደፋባቸው መስለው ቀሩ። ከውጭ ባጃጆች ሲያልፉ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሲመጣ፣ እሳቸው ያቺን ብጣሽ ወረቀት በጣታቸው ሲያጣጥፉ ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር።

«አንድ ነገር አይቻለሁ። አልጻፍኩትም» አሉ።

ኦሊቃ ጀልባዋን ከመግፋቱ በፊት በደቡብ በኩል ወዳለው ገመገም ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የላስቲክ ቦቲውን አወለቀ። እንደ ቤት ደጃፍ ጎን ለጎን አድርጎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። በባዶ እግሩ ገባ። የሌሎቹ ቀዛፊዎች እግር ላይ ቦቲ ነበር፤ የኦቦ ቱፋ ዓይን ያን አይቷል። ጥፍር አይቶ በሽታ የሚያውቅ ዓይን። ለምን አወለቅህ ብሎ መጠየቅ አንድ ትንፋሽ ነበር። ግን አመለሸጋ ደስ ብሏት ነበር፣ ሰው ተሰልፏል፣ የማያስፈልግ ጥያቄ ጠይቄ የሰው ደስታ አላደፈርስም አሉና ተሳፈሩ። ኦሊቃ ሊዋኝ ይችል ዘንድ ነው ያወለቀው። ቦቲ አድርጎ ቢሆን ለንሳንም አያወጣትም ነበር። ሁለቱንም ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ እያገላበጡ ኖሩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የሚባለው እንኳ ለእኔ አይሆንም፣ እኔ ገደሉንም አይቻለሁ አሉ።

ነዒማ አለቀሰች። እንግዳ ፊት ማልቀስ አትወድም ነበር፤ ግን አለቀሰች። ያ ሁሉ «አስፈሪ» እና «ዘግናኝ» ሰውየው አንዲት ጥንድ ቦቲ ላይ የቆለሉት ጨርቅ እንደነበር ያኔ ገባት፤ ያጣጠፏትን ብጣሽ ወረቀት ተቀብላ ወደ መሳቢያዋ መለሰቻት።

ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ቀናት ኦቦ ቱፋ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አግዳሚው ላይ ጻፉ፤ እሷም ሌላውን ሥራዋን እየሠራች በመሃል ታነብላቸዋለች። አሁን የምታነበው ፈቅደውላት ነው። ሰባቱ ገጽ ሦስት ሆነ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሐይቅ» የሚል ቃል እንዳይኖር ተስማሙ፤ ወንጪን አስታውሶ ለንሳን እንዳያስነሳት። ገጹ የፈረስና የጉልበት፣ የጃንጥላና የሳቅ ገጽ ሆነ። ነፋሱን ኦቦ ቱፋ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ነፋስ ተነሳ ብለው አልጻፉም። የእናትየው ነጠላ ከትከሻዋ ወረደ፣ መለሰችው፤ እንደገና ወረደ፣ መለሰችው፤ በሦስተኛው በእጇ ያዘችው ብለው ጻፉ። ሲያፏጭ የነበረው ቀዛፊ ማፏጨቱን ተወ ብለው ጻፉ። ማዕበል የሚል ቃል ሦስቱም ገጽ ላይ የለም።

የተጣሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ኦቦ ቱፋ «እንግዳ በሆነ ሁኔታ ቦቲውን አወለቀ» ብለው ነበር፤ ነዒማ «እንግዳ በሆነ ሁኔታ» ይውጣ አለች። እሱ ከወጣ አንባቢው ነገሩ እንግዳ መሆኑን በምን ያውቃል ብለው ተቆጡ። የሌሎቹ እግር ላይ ቦቲ እንዳለ ይጻፉ፣ ሌላውን አንባቢው ይጨርሰዋል አለቻቸው። አጉረመረሙ፣ ሰረዙ፣ ጻፉ። «ቀዛፊው ቦቲውን አወለቀ። ጎን ለጎን አድርጎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። የሌሎቹ ቀዛፊዎች እግር ላይ ቦቲ ነበር። አባትየው ይህን አየ።» ነዒማ ይህን ስትተይብ ግራ እጇ ተነስቶ የወረቀቱን ጥግ ያዘ። የሚመጣውን በደንብ እያወቀች!

የተጠናቀቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። ኦቦ ቱፋ ከሰዓት መጥተው ሊወስዱት ተባባሉ፣ ሦስቱ ገጾች መሳቢያ ውስጥ ቆዩ።

ረፋድ ላይ ለንሳ ራሷ መጣች። ከአባቷና ከነዒማ ነገር ምንም አታውቅም፤ የመጣችው ዲፕሎማዋንና የምደባ ደብዳቤዋን ኮፒ ልታስደርግ ነው። ነዒማ ዲፕሎማውን ማሽኑ ውስጥ አስገባች፣ ማሽኑ ግማሹን ዋጠ፣ መብራት ሄደ። እንዲህ ያለውን ነገር ማሽኑ ሁልጊዜ ያደርገዋል። በኃይል ቢጎትቱት ይቀደዳልና መብራቱ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው። ለንሳ ተነፈሰችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ነዒማ መሳቢያውን አየች። አደራ ነው። ባለቤቱ ለማን፣ መቼ፣ የት እንደሚሰጥ ወስኗል፤ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አጥፍታለች፣ ሁለተኛ ማጥፋት ድፍረት ነው። በሌላ በኩል ካቺሲ ሩቅ ነው። እዚያ ለንሳ ወረቀቱን አጥፋ ብታስቀምጥ ማንም አያያትም። እዚህ ደግሞ ማሽኑ ዲፕሎማዋን ነክሶ ይዟታል፣ መነሳት አትችልም። ለአንድ ደቂቃ ያህል አመነታች፤ ከዚያ ሦስቱን ገጾች አውጥታ እስኪመጣ ይችን አንብቢ ብላ ሰጠቻት። ማን እንደጻፈው አልተናገረችም።

ለንሳ የመጀመሪያውን ገጽ ስታነብ የፈረሱ ቀልድ ላይ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ፈገግታው ባለበት ቆመ። የማን ቀልድ እንደሆነ አወቀችው። ነዒማ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ አሁን ወጥ አረረብኝ ልትል ነው፣ አሁን ልትነሳ ነው። ለንሳ አልተነሳችም። ቀኝ እጇ ሄደና የወረቀቱን ጥግ ብድግ አደረገ።

ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ስትደርስ ማንበብ አቆመች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስታይ፣ ስታይ ቆየች።

«ቦቲውን እኔም አይቻለሁ፣ እትዬ ነዒማ» አለች።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ነገረቻት። እማዬ፣ ሰውየው ጫማውን አወለቀ ልል አፌን ከፍቼ ነበር አለች። ይስቁብኛል ብላ ተወችው። ደግሞም ስለቱ ለእሷ ነበር፤ ስለቱን ያስቀረሁ እኔ ልሆን ነው ብላ ፈራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ወንጪ ሲሉ «አላየሽም ወይ?» ብለው ሊጠይቋት ነው እያለች ነበር የምትነሳው። እሳቸውም ማየታቸውን በሰባት ዓመት አስባው አታውቅም። ሦስተኛውን ገጽ እንባዋን እየጠረገች አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ጃንጥላው።

መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ እያጓራ ዲፕሎማውን ተፋው። ለንሳ አላየችውም። አንድ መስመር ይጨመርልኝ አለች። ነዒማ ከፈተችው፣ «አባትየው ይህን አየ» ከሚለው ቀጥላ ጠቋሚዋን አቆመች፣ ለንሳ አጠገቧ ቆማ ተናገረች፣ እሷም እንደተነገራት፣ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ጻፈች። «ልጅቷም አየች።» ታተመ። ለንሳ ወረቀቱን ከዲፕሎማው ጋር ይዛ ወጣች፤ የገበያውን መንገድ ትታ በቤታቸው በኩል ታጠፈች።

ኦቦ ቱፋ በቀጠሯቸው ከሰዓት መጡ። ጠዋት ከዚህ እንደወጡ እድር ውለው ነበርና ቤት አልገቡም። ነዒማ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻቸው፣ ቢቆጡም ልትችለው ተዘጋጅታለች። አልተቆጡም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እስከ ስንተኛ ገጽ አነበበች?»

«ጨርሳዋለች። አንድ መስመርም ጨምራበታለች።»

«ምን የሚል?»

ነዒማ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ብትናገራት ሰውየው እዚያው በቀለላቸው።

«እሱን ከራሷ ይስሙ» አለቻቸው። «የሰው ቃል ነው።»

ኦቦ ቱፋ ተነሱ። በዚያ በሚያስቀው ጉልበታቸው፣ ነዒማ በማታውቀው ፍጥነት መንገዱን ተሻገሩ። ባርኔጣቸው አግዳሚው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ነዒማ አንስታ ከብጣሿ ወረቀት ጋር መሳቢያ ውስጥ አኖረችላቸው።